«ዲመንስ ሶልስ»፦ በመጀመሪያው ሰዓት የማይመዘን ጨዋታ

«ዲመንስ ሶልስ» የተሰኘው የቪዲዮ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበው ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2009 በጃፓን ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አዘጋጁ ፍሮም ሶፍትዌር የተባለው የቶኪዮ ኩባንያ ሲሆን አሳታሚው የፕሌይስቴሽን 3 ባለቤት ሶኒ ነበር። ጨዋታው ሲወጣ ብዙም ዓይን አልሳበም። ፋሚትሱ የተባለው ታዋቂ የጃፓን የጨዋታ መጽሔት ከ40 ነጥብ 29 ሰጠው፤ የሶኒ የአሜሪካና የአውሮፓ ክንፎችም በየገበያቸው ሳያሳትሙት ቀሩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ግን ጌምስፖት የተባለው የአሜሪካ የጨዋታ ሒስ መድረክ የ2009 የዓመቱ ምርጥ ጨዋታ ብሎ ሰየመው። ከዚህ ሥራ የተወለዱት ጨዋታዎች ዛሬ የራሳቸው ዘውግ እስከ መባል ደርሰዋል። ከእነርሱ አንዱ የሆነውና በፌብሩዋሪ 2022 የወጣው «ኤልደን ሪንግ» በአንድ ዓመት ውስጥ ከ20 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል።

አንድ ሥራ ሕጉም ይዘቱም ሳይለወጥ በዓመቱ መግቢያ ተራ፣ በዓመቱ መውጫ ደግሞ ምርጥ ሊባል የቻለው እንዴት ነው? የተለመደው መልስ የጃፓንና የምዕራቡ ዓለም ተጫዋቾች ምርጫ ይለያያል የሚል ነው። መልሱ በከፊል ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በጃፓንም ቢሆን ጨዋታው ከሰው ወደ ሰው በሚተላለፍ ወሬ ቀስ በቀስ ገዢ ማግኘቱን አያስረዳም። በዚህ ጽሑፍ የሚቀርበው ማብራሪያ ከዚህ የተለየ ነው። «ዲመንስ ሶልስ» ለተጫዋቹ የሚሰጠው ነገር የሚገለጠው በመማር ሂደት ውስጥ ነው። መማር ደግሞ ጊዜን፣ በዚህ ጨዋታ ደግሞ ሌሎች ሰዎችንም ይጠይቃል። ለሁለት ሰዓት የሞከረው መዛኝ ያየው የሚከፈለውን ዋጋ ብቻ ነው፤ በዋጋው የሚገኘውን ለማየት የሚበቃ ጊዜ አልነበረውም።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባት በፊት ስለ ዘውጉ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የተግባርና የሚና ጨዋታ የሚባለው ዓይነት ከሁለት የተለያዩ ባህሎች የመጣ ነው። ከሚና ጨዋታ የወሰደው በቁጥር የሚያድግ ገጸ ባሕርይን ነው፤ ጉልበቱ፣ ጽናቱ፣ አስማቱ እየተቆጠረ ይጨምራል። ከተግባር ጨዋታ የወሰደው የእጅንና የዓይንን ቅልጥፍና ነው። በአብዛኞቹ የዚህ ዘውግ ሥራዎች ቁጥሩ የእጅን ድክመት ይሸፍናል። ማሸነፍ ያቃተው ተጫዋች ደካማ ጠላቶችን ደጋግሞ እየገደለ ነጥብ ያከማቻል፤ ከዚያም በርትቶ ይመለሳል። ይህ መውጫ በር በ«ዲመንስ ሶልስ»ም አለ። መጀመሪያ ላይ ግን ተዘግቷል።

ጨዋታው የተወለደበት ሁኔታ ራሱ ለዕጣው አስተዋጽኦ አድርጓል። ፍሮም ሶፍትዌር በ1986 ሲመሠረት የቢሮ ሶፍትዌር የሚሠራ ድርጅት ነበር። የመጀመሪያ ጨዋታው በዲሴምበር 1994 ለመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን የወጣው «ኪንግስ ፊልድ» ነው። ዝግ ያለ፣ ጨለማ የበዛበት፣ ማብራሪያ የሚቆጥብ ሥራ ነው፤ «ዲመንስ ሶልስ»ም የእርሱ የመንፈስ ወራሽ ተደርጎ ይታያል። በሶኒ በኩል አዘጋጅ ታኬሺ ካጂ፣ በኩባንያው በኩል ደግሞ በመጨረሻ ዳይሬክተር የሆነው ሂዴታካ ሚያዛኪ ነው። ሚያዛኪ ቀደም ሲል በኦራክል ይሠራ የነበረ ሲሆን ወደ ጨዋታ ሥራ የገባው በ2004፣ በ29 ዓመቱ ነው። ዘግይቶ ጀመረ ማለት ይቻላል። ፕሮጀክቱን የተረከበው በኩባንያው ውስጥ ቀድሞ እንደ ከሸፈ ሥራ በሚታይበት ወቅት እንደነበረና፣ የከሸፈን ነገር መልሶ ቢያከሽፍ ማንም እንደማይቆጣው አስቦ እንደገባበት በኋላ በሰጠው ቃለ ምልልስ ተናግሯል። የብዙዎችን ዓይን የሚስብ ፕሮጀክት ቢሆን ኖሮ አሁን የምናነሳቸው ሕጎች እስከ መጨረሻው ይቆዩ ነበር ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

በዚያ ዘመን የኢንዱስትሪው አዝማሚያ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ነበር። ከሁለት ወር በፊት፣ በዲሴምበር 2008፣ ዩቢሶፍት ያወጣው «ፕሪንስ ኦፍ ፐርሺያ» ተጫዋቹ ፈጽሞ እንዳይሞት አድርጎ ነበር፤ ገደል ሲገባ ኤሊካ የምትባለው አጋሩ እጁን ይዛ ታወጣዋለች። በኖቬምበር 2009 የወጣው የኒንቴንዶ «ኒው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ዊ» ደግሞ አንድን ምዕራፍ ስምንት ጊዜ ለወደቀበት ተጫዋች ጨዋታው ራሱ መንገዱን ተጫውቶ የሚያሳይበት አማራጭ ሰጠ። ሁለቱም አሳቢ ንድፎች ናቸው፤ በበጎ ዓይን ሊታዩ ይገባል። በዚህ መካከል ግን የክብደት ደረጃ ምርጫ የሌለው፣ ለአፍታ የማይቆም፣ እያንዳንዱን እርምጃ በራሱ እየመዘገበ ወደ ኋላ መመለስን የሚከለክል ጨዋታ ሲመጣ ያረጀ ወይም ያልተጠናቀቀ ሥራ መምሰሉ አያስገርምም።

አሁን ወደ ሕጎቹ እንግባ። ታሪኩ የሚካሄደው ቦሌታሪያ በምትባል መንግሥት ነው። ንጉሥ አላንት ኃይል ፍለጋ ተኝቶ የነበረን ጥንታዊ ፍጡር ቀስቅሷል፤ አገሪቱ ቀለም በሌለው ጉም ተሸፍናለች፤ አጋንንትም የሰውን ነፍስ ይመገባሉ። ተጫዋቹ ጉሙን ሰንጥቀው ከገቡት ጀብደኞች አንዱ ነው። መክፈቻው አጭር ማለማመጃ ሲሆን በመጨረሻው ላይ ቫንጋርድ የተባለ ግዙፍ ጋኔን ይጠብቃል። አብዛኛው ሰው እዚያው ይሞታል። በለስ ቀንቶት ያሸነፈውም ቢሆን ጥቂት ራቅ ብሎ ከእርሱ በሚከፋ ፍጡር በአንድ ምት ይገደላል። በየትኛውም መንገድ ቢሆን ሁሉም ሞቶ ኔክሰስ በተባለው ማረፊያ ሥጋ አልባ ነፍስ ሆኖ ይነቃል። ጨዋታው የሚጀምረው ከሞት በኋላ ነው ማለት ነው።

በነፍስ መልክ ያለ ተጫዋች የሚኖረው ጤንነት የሙሉው ግማሽ ብቻ ነው። ሥጋውን መልሶ ለማግኘት የአንድን ክልል ዋና ጠላት መግደል ወይም ውድ የሆነ ዕቃ መጠቀም አለበት። ከጠላቶች የሚሰበሰበው «ነፍስ» ደግሞ ገንዘብም፣ የማደጊያ ነጥብም ነው። (በአማርኛ «ነፍሳት» ብንል ትኋንና ቁንጫም ስለሚመጡብን በዚህ ጽሑፍ «ነፍሶች» ማለትን መርጫለሁ።) መሣሪያ የሚገዛበትም፣ መሣሪያ የሚጠገንበትም፣ ደረጃ የሚጨመርበትም ያው አንዱ ሀብት ነው። ተጫዋቹ ሲሞት የያዘው ነፍስ ሁሉ በሞተበት ቦታ በደም ምልክት ተቀምጦ ይቀራል፤ ጠላቶችም ሁሉ ወደየቦታቸው ይመለሳሉ። ከክልሉ መግቢያ ተነሥቶ እዚያ ቦታ ድረስ ከዘለቀ ያጣውን ያገኛል። በመንገድ ላይ ዳግመኛ ከሞተ ግን የመጀመሪያው ክምችት ለዘለዓለም ይጠፋል። በዚህ ላይ የመጀመሪያው ክልል ዋና ጠላት የሆነው ፋላንክስ እስኪወድቅ ድረስ ደረጃ መጨመር አይቻልም። በሌሎች ጨዋታዎች የሚገኘው መውጫ በር የተዘጋው በዚህ ነው። አዲሱ ተጫዋች በቁጥር እንዳይበረታ ስለታገደ የሚቀረው ምርጫ በዕውቀት መበርታት ብቻ ነው።

ዕውቀቱ ምንድን ነው? የመጀመሪያውን ክልል፣ የቦሌታሪያን ቤተ መንግሥት፣ እንደ ማሳያ እንውሰድ። ወደ ግንቡ የሚያወጣውን ደረጃ የሚወጣ ሰው ከላይ የሚንከባለል ከባድ ነገር ይለቀቅበታል። የመጀመሪያው ጊዜ ማታለል ይመስላል። በሁለተኛው ጊዜ ግን ያው ነገር እዚያው ነው፤ የሚለቁትም ወታደሮች እዚያው ቆመዋል። የጠላቶቹ አቀማመጥ አይለወጥም፤ አመታታቸውም በየጊዜው ተመሳሳይ ነው። ማጥቃት፣ መከላከል፣ መንከባለልና መሮጥ የሚመዘዙት ከአንድ የጉልበት መጠን ስለሆነ ሰይፉን በችኮላ የሚያወዛውዝ ሰው ጋሻውን የሚያነሣበት አቅም ያጣል። ቀጥሎ ባለው ክልል ረጅም ድልድይ አለ፤ በላዩ ላይ ቀይ ዘንዶ እየተመላለሰ እሳት ይለቅበታል። ዘንዶውን በሰይፍ መግጠም የማይታሰብ ነው። መቼ ዞሮ እንደሚመጣ ቆጥሮ በሁለት ምልልሱ መካከል ከአንዱ ግንብ ወደ ቀጣዩ መሮጥ ግን ይቻላል፤ ወይም በድልድዩ ሥር ባለው ውሾችና ወታደሮች በሚጠብቁት መተላለፊያ መሄድ። አሥር ጊዜ የሞተና አሥራ አንደኛው ላይ ያለፈ ሰው ገጸ ባሕርዩ በቁጥር ምንም አልጨመረም። የጨመረው ሰውየው ነው።

ይህን ከትምህርት ሥነ ልቦና ጋር ማያያዝ ይቻላል። ሮበርት ቢዮርክ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር በ1994 «ተፈላጊ እክል» ብለን ልንተረጉመው የምንችለውን ጽንሰ ሐሳብ አስተዋውቋል። ፍሬ ነገሩ በልምምድ ወቅት የሚታይ አፈጻጸምና እውነተኛ መማር የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። ልምምዱን የሚያቀልል ዘዴ አፈጻጸምን ወዲያው ያሻሽላል፤ ነገር ግን የሚቀረው ትምህርት ትንሽ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ልምምዱን የሚያከብድ አንዳንድ ዘዴ ተማሪውን በዚያች ሰዓት ደካማ ያስመስለዋል፤ ከቆይታ በኋላ ግን የተሻለ ዕውቀት ይተውለታል። «ዲመንስ ሶልስ» ጎበዙንም ሰነፉንም በመጀመሪያው ሰዓት ደካማ ያስመስላል። በዚያች ሰዓት የሚለካ ሰው የሚያገኘው የአፈጻጸም ልኬት ብቻ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሊጠቀስ የሚገባው ምሳሌ የሹሄይ ዮሺዳ ነው። ዮሺዳ በወቅቱ የሶኒን ዓለም አቀፍ የጨዋታ ስቱዲዮዎች ይመራ ነበር። ጨዋታው ሊጠናቀቅ ሲቃረብ ለሁለት ሰዓት ያህል ሞክሮት ከመነሻው እንኳ ፈቀቅ ሳይል እንደቀረና በጣም መጥፎ ሥራ ነው ብሎ እንደደመደመ፣ ሶኒ ጨዋታውን በምዕራቡ ገበያ ሳያሳትም መቅረቱም ስሕተት እንደነበረ በኋላ ራሱ በይፋ ተናግሯል። ይህን የምጠቅሰው ሰውየውን ለመንቀፍ አይደለም። ዮሺዳ ብዙ ጨዋታዎችን ያሳደገ፣ ልምድ ያካበተ ሰው ነው፤ ለአንድ ሥራ ሁለት ሰዓት መስጠቱም ከሥራ ብዛቱ አንጻር ንፉግነት ሊባል አይችልም። በ2008 የቶኪዮ የጨዋታ አውደ ርዕይ ላይ በጥቂት ደቂቃ ሞክረው ፊታቸውን ያዞሩት ጎብኚዎችም እንዲሁ። የተጠቀሙበት መለኪያ ለብዙ ጨዋታ የሚሠራ ነው፤ ለዚህኛው ግን አልሆነም።

ታዲያ ጨዋታውን ማን አገኘው? የሶኒ የእስያ ክንፍ በዚያው ዓመት መጀመሪያ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያለው ቅጂ ለእስያ ገበያ አውጥቶ ነበር። የፕሌይስቴሽን 3 ጨዋታዎች በአጠቃላይ በየአህጉሩ ስላልተቆለፉ በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ተጫዋቾች ይህን ቅጂ በፖስታ ያስመጡ ጀመር። ያስመጡትም ስላገኙት ነገር ተወያዩ፣ ጻፉ፣ ካርታ ሠሩ። አትለስ የተባለው አሳታሚ ጨዋታውን ኦክቶበር 6 ቀን 2009 በሰሜን አሜሪካ ሲያወጣ የሚጠብቀው ሕዝብ ቀድሞ ተፈጥሮ ነበር። አውሮፓ ደግሞ እስከ ጁን 2010 ቆየች። ከፌብሩዋሪ እስከ ኦክቶበር ያሉት ስምንት ወራት እንግዲህ አንድ ሥራ ያለ ማስታወቂያ፣ በተጫዋቾች አንደበት ብቻ የተጓዘባቸው ናቸው።

እዚህ ላይ በቀላሉ ሊታለፍ የማይገባ ነጥብ አለ። ተጫዋቾች እርስ በርስ መነጋገራቸው በዕድል የተገኘ አልነበረም፤ በጨዋታው አካል ውስጥ ተሠርቶ የተቀመጠ ነው። ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ የሚጫወት ሰው ሌሎች ተጫዋቾች መሬት ላይ የጻፏቸውን መልእክቶች ያገኛል። መልእክቶቹ የሚሠሩት አስቀድመው ከተዘጋጁ ቃላት ብቻ ስለሆነ ረጅም ወሬ አይቻልም፤ «ከፊትህ አድፍጧል»፣ «እሳት ይፈራል» ያህል ነው። አንባቢ መልእክቱን ጠቃሚ ነው ብሎ ሲያመለክት በሌላ ቦታ የሚገኘው ጸሐፊ ጤንነቱ ይታደሳል። ስለዚህ በጭንቅ ላይ ያለ ሰው ከማያውቀው ሰው በሚመጣ ምስጋና ሊተርፍ ይችላል። በየመንገዱ የሚታዩ የደም ምልክቶችን የነካም ሌላው ሰው በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች እንዴት እንደሞተ በቀይ ጥላ መልክ ያያል። በአንድ ማዕዘን ላይ ብዙ የደም ምልክት ካለ ማንም ሳይነግረው ፍጥነቱን ይቀንሳል። አንዳንዴም በዚያች ደቂቃ እዚያው ክልል ውስጥ የሚጫወት የሌላ ሰው ነጭ ጥላ ብልጭ ብሎ ያልፋል። ከዚህ ገፍቶ ሌላውን ለእርዳታ መጥራት ይቻላል፤ ሊገድል የሚመጣ ወራሪም አለ።

ሚያዛኪ የዚህ ሐሳብ ምንጭ በአንድ ወቅት በበረዶ የደረሰበት ገጠመኝ መሆኑን አስረድቷል። ከባድ በረዶ ከጣለ በኋላ በዳገት ላይ መኪኖች መንሸራተትና መቆም ይጀምራሉ፤ ከኋላ ያለው መኪና ከፊቱ ያለውን እየገፋ ዳገቱን ይወጣሉ። ማንም ወርዶ አልተዋወቀም፣ ማንም ቆሞ ለማመስገን አልቻለም፤ ዳገቱ ግን ታለፈ። ጨዋታው ሰዎችን የሚያገናኘው በዚሁ መንገድ ነው፦ ስም ሳይጠራ፣ ድምፅ ሳይሰማ፣ ለቅጽበት። በእኔ ግምት ከሁሉም ሕጎቹ ይልቅ የመጀመሪያዎቹ መዛኞች ሊያዩት የማይችሉት ይህንኑ ነበር፤ ጨዋታው ለሕዝብ ሳይቀርብ በፊት መሬቱ ባዶ ነውና። አውደ ርዕይ ላይ የቀረበው ቅጂ የብዙ ሰዎች ዱካ አልነበረበትም። የሥራው ግማሽ አካል ገና አልተጻፈም ነበር።

ዴንማርካዊው የጨዋታ ተመራማሪ ዬስፐር ዩል በ2013 ባሳተመው «የውድቀት ጥበብ» በተሰኘ መጽሐፉ አንድ ተቃርኖ ያነሣል። ሰው በአጠቃላይ ውድቀትን ይሸሻል፤ በጨዋታ ግን ይወድቃል፤ ሆኖም በገዛ ፈቃዱ ወደ ጨዋታ ይሄዳል። ዩል ውድቀቱ የሚፈጥረውን የድክመት ስሜት ማስወገጃውም ያው ጨዋታ መሆኑን ያሳያል። ይህ ለ«ዲመንስ ሶልስ» በሚገባ ይስማማል፤ ነገር ግን የዩል ትንታኔ በዋናነት የሚያተኩረው በተጫዋቹና በጨዋታው መካከል ባለው ግንኙነት ላይ ነው። እዚህ ሦስተኛ ወገን አለ። የአንዱ ውድቀት ደም ሆኖ መሬት ላይ ይቀርና ለማያውቀው ሰው ትምህርት ይሆናል። ብቻውን አሥር ጊዜ የሚሞተው ሰው በሌሎች ሞት ላይ ተደግፎ አምስት ጊዜ ብቻ ሊሞት ይችላል።

የመጫወቻ ቦታም አንድን ሥራ ለማግኘት ወይም ሳያገኙ ለመቅረት ምክንያት ይሆናል። በከተሞቻችን ያሉ ፕሌይስቴሽን ቤቶች ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ ናቸው። ክፍያው በጨዋታ ወይም በሰዓት ነው፤ ተራ የሚጠብቅ ሰው ከኋላ ይቆማል፤ ተሸናፊው ይነሣል። እንዲህ ባለ ቦታ እግር ኳስ መንገሡ የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በአሥርና በአሥራ አምስት ደቂቃ የሚያልቅ፣ ለሁለት ሰው የሚሆን፣ ነገ ካቆሙበት መቀጠልን የማይጠይቅ ጨዋታ ስለሆነ ነው። ለአርባና ለሃምሳ ሰዓት የአንድን ሰው ግስጋሴ አስቀምጦ ማቆየት የሚፈልግ ሥራ በዚያ ወንበር ላይ ቦታ የለውም። የሁለት ሰዓቱ ሙከራና የፕሌይስቴሽን ቤቱ ሒሳብ በዚህ ረገድ ይመሳሰላሉ።

ይሁን እንጂ ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ ከባድ የሆነ ሁሉ የተደበቀ ዕንቁ ነው ብሎ መደምደም አደገኛ ነው። ታይቶ ያልታወቀና ኋላ የተገኘ ጨዋታ ታሪኩ ይነገራል፤ ከባድም ሆኖ መጥፎም የነበረ፣ በትክክል የተረሳ ጨዋታ ግን ታሪክ ጸሐፊ የለውም። ከተረፉት ብቻ ተነሥተን የምናወጣው ሕግ የተዛባ ይሆናል። «ዲመንስ ሶልስ»ን ከእነዚያ የሚለየው መክበዱ ሳይሆን ክብደቱ ሊነበብ የሚችል መሆኑ ነው፤ ሞት ሲመጣ ምክንያቱ ይታያል።

በራሱ በጨዋታው ውስጥም ቢሆን ይህ የማይሠራበት ቦታ አለ። እያንዳንዱ ክልል ከነጭ እስከ ጥቁር የሚዘረጋ «ዝንባሌ» አለው። ተጫዋቹ በሥጋ መልክ ሳለ ከሞተ ክልሉ ወደ ጥቁር ያዘነብላል፤ ጠላቶች ይበረታሉ። ዋና ጠላት ሲገደል ወደ ነጭ ይመለሳል። ጥቁሩ የራሱ ሽልማት ቢኖረውም ውጤቱ ለአዲስ ሰው ግልጽ ነው፦ የደከመው ይበልጥ ይከብደዋል። ጨዋታው ይህን ሕግ በቅጡ አያስረዳም። ተጫዋቾች ያገኙት መፍትሔ እንግዳ ነበር፤ ሥጋቸውን ባገኙ ቁጥር በኔክሰስ ውስጥ ከከፍታ ዘልለው ራሳቸውን ይገድላሉ፣ በዚያ መሞት የክልሎችን ዝንባሌ ስለማይነካ። ሰው የተሰጠውን ሽልማት ራሱ እየጣለ የሚገባበት ሥርዓት መልካም ንድፍ ነው ለማለት አልደፍርም። ሚያዛኪ በ2011 በሠራው «ዳርክ ሶልስ» ላይ ይህ ሕግ አልተመለሰም። ሌላው የክብደት ደረጃ አለመኖር ነው። የእጅ እንቅስቃሴ ወይም የማየት ጉዳት ላለበት ሰው «ደጋግመህ ሞክር» የሚለው ምክር ብዙም ትርጉም የለውም፤ በዚህ ዘውግ ወዳጆች ዘንድ የተለመደው ከባድነትን እንደ ክብር መለኪያ የመቁጠር ልማድም ይህን ጥያቄ ሲያፍን ይታያል።

ሥራው በሌሎች ሰዎች ዱካ ላይ የተመሠረተ መሆኑ ለተመራማሪም ጣጣ አለው። ሰርቨሩ መልእክቶቹንና የደም ምልክቶቹን ከማስተላለፍ በላይ የክልሎችን ዝንባሌ ጭምር በብዙኃኑ ተጫዋቾች ሁኔታ ላይ ተመሥርቶ ያነቃንቅ ነበር፤ አትለስም በበዓላት ቀን ዓለሙን በሙሉ ነጭ ወይም ጥቁር ያደርግ ነበር። ይህ ሁሉ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2018 ተዘጋ። ዲስኩን ዛሬ ገዝቶ የሚከፍት ሰው ጠላቶቹን፣ ድልድዩንና ዘንዶውን ያገኛል፤ መሬቱ ግን ባዶ ነው። ወዳጆች ባቋቋሟቸው የግል ሰርቨሮች የተወሰነው ተመልሷል። በኖቬምበር 2020 ብሉፖይንት የተባለው ስቱዲዮ ለፕሌይስቴሽን 5 እንደ አዲስ የሠራው ቅጂም የራሱ ሰርቨር አለው። ሆኖም በ2020 መልእክት የሚጽፈው ሰው ፋላንክስ እሳት እንደሚፈራ አስቀድሞ የሚያውቅ ነው። በ2009 የጻፈው ገና እየፈለገ ነበር።

ስለዚህ ጉዳዩን ለመጥናት የሚሻ ሰው ከአዲሱ ቅጂ ይልቅ ቢጀምር የሚሻለው ጨዋታው በጃፓን ከወጣበት እስከ ሰሜን አሜሪካው ሕትመት ባሉት ስምንት ወራት ውስጥ ተጫዋቾች ከጻፏቸው መመሪያዎችና በወቅቱ ከቀረጿቸው ቪዲዮዎች ነው። ቀናቸው የተመዘገበ በመሆኑ የትኛው ዕውቀት መቼ እንደተገኘ በቅደም ተከተል መከታተል ይቻላል። የዝንባሌው ሕግ ለዚህ አመቺ መነሻ ይመስለኛል፤ ጨዋታው ራሱ ስለማያስረዳው በጽሑፎቹ ውስጥ የሚታየው መረዳት ሁሉ ከተጫዋቾቹ ድምር ሙከራ የመጣ ነው።